በታሪካዊ የመሬት በደል ደንብ ላይ አስተያየት እንዴት ይሰጣል? የኬንያን አሠራር ይዞ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

መሬቱን የተነጠቀ ሰው ታሪኩን ለመናገር አይቸገርም። ከየት እንደተነሳ፣ ማን እንዳስነሳው፣ የአያቱ መቃብር ዛሬ በማን አጥር ውስጥ እንደቀረ ያውቃል። የሚቸግረው ሌላ ነው። መንግሥት «በታሪካዊ የመሬት በደል ላይ ደንብ ላወጣ ነውና አስተያየት ስጡ» ሲል፣ ያ ሁሉ ታሪክ በየት በኩል ደንቡ ውስጥ እንደሚገባ የሚያሳየው የለም። ሰው አዳራሹን ይሞላል። ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ ይጨበጨብለታል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደንቡ ግን አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳትነካ ይወጣል።

ይህ እንዳይሆን ማድረግ ይቻላል። ቁልፉ አንድ ነገር ነው፦ ታሪኩን ከረቂቁ አንድ የተወሰነ አንቀጽ ጋር ማገናኘት፣ ከዚያም «ይህ ቃል በዚህ ይተካ» ብሎ መጻፍ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚያ ለመድረስ ነው።

ምሳሌ ያደረግኩት ኬንያን ነው። ጎረቤታችን ስለሆነች ብቻ አይደለም። «ታሪካዊ የመሬት በደል» የሚለውን ነገር በሕገ መንግሥቷና በሕጓ በስሙ ጠርታ፣ የሚመረምር ተቋም ያቋቋመች አገር ናት። የ2010 ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 67 ብሔራዊ የመሬት ኮሚሽንን ሲያቋቁም፣ የዛሬም ሆነ የጥንት የመሬት በደልን በራሱ ተነሳሽነትም ሆነ አቤቱታ ሲቀርብለት እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል። አንቀጽ 10 ደግሞ የሕዝብ ተሳትፎን ከአገሪቱ መርሆዎች አንዱ አድርጎታል። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ የኛን አዋጅ ከምጠቅስበት ቦታ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኬንያ ለምትኖሩና ጉዳዩ በቀጥታ ለሚነካችሁ መመሪያው እንዳለ ይሠራል። ኢትዮጵያ ላላችሁትም አካሄዱ ይጠቅማል። በኛም አገር የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል።

1. መጀመሪያ ሕጉንና ደንቡን ለዩ

ብዙ ድካም ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሕግ የሚያወጣው ፓርላማ ነው። ደንብ የሚወጣው በዚያ ሕግ ሥር፣ ሕጉን ለማስፈጸም ነው። ደንብ ሕጉን መዘርዘር ይችላል። ሕጉን ማሻሻል ግን አይችልም።

በኬንያ ዋናው ሕግ የ2012ቱ የብሔራዊ የመሬት ኮሚሽን አዋጅ ነው። አንቀጽ 15 በ2016 ተሻሽሎ ታሪካዊ የመሬት በደል ምን እንደሆነ በዝርዝር አስቀምጧል። በደሉ የደረሰው ከሰኔ 15 ቀን 1895 እስከ ነሐሴ 27 ቀን 2010 ባለው ጊዜ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ቀን አገሪቱ የእንግሊዝ ጥብቅ ግዛት የሆነችበት ነው። ሁለተኛው ሕገ መንግሥቱ የታወጀበት ነው። መፈናቀል ያስከተለና እስካሁን በቂ መፍትሔ ያላገኘ መሆንም አለበት። መነሻው የቅኝ ግዛት ወረራ፣ የነፃነት ትግሉ፣ ከነፃነት በፊት የተደረገ ውል፣ ያለ በቂ ካሳ በልማት ስም መነሳት፣ አድሏዊ የመሬት ክፍፍል፣ የፖለቲካ ግጭት ወይም ሙስና ሊሆን ይችላል። በዚህ ሕግ ሥር በ2017 የምርመራ ደንብ ወጥቷል።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? አንድ ምሳሌ ይበቃል። የ2016ቱ ማሻሻያ አቤቱታ የሚቀርብበትን ጊዜ በ5 ዓመት ገድቦት ነበር። ያ ጊዜ በመስከረም 2021 አለፈ። ስንት ቤተሰብ ሳይሰማ አልፎታል። በደንብ ውይይት ላይ ተነስታችሁ «ጊዜው ይራዘም» ብትሉ ኖሮ ግን ኮሚሽኑ ቢፈልግም አይችልም ነበር። ገደቡ የተቀመጠው ሕጉ ውስጥ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ መሄድ ያለበት ወደ ፓርላማ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 119 ማንኛውም ሰው ለፓርላማ አቤቱታ እንዲያቀርብ መብት ይሰጣል። በደንቡ መድረክ የተሰጣችሁን ጥቂት ደቂቃ ደንቡ ሊለውጠው በሚችለው ነገር ላይ ተጠቀሙበት። ማስረጃ ምን ዓይነት ይሁን፣ ምርመራው የት ይካሄድ፣ በምን ቋንቋ ይሁን፣ ማኅበረሰብን ማን ይወክል፣ ጥሪው እንዴት ይድረስ፣ ውሳኔ በስንት ጊዜ ይሰጥ፤ እነዚህ ሁሉ የደንብ ጉዳዮች ናቸው። ትንሽ ይመስላሉ። መሬት የሚገኘውና የሚቀረው ግን በነሱ ነው።

2. ረቂቁን እጃችሁ አስገቡ

ማስታወቂያው የሚወጣው በመንግሥት ጋዜጣ (እንደኛው ነጋሪት ጋዜጣ)፣ በዕለታዊ ጋዜጦችና በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ነው። የ2013ቱ የበታች ሕጎች አዋጅ በሕዝቡ ላይ ከባድ ወጪ ወይም ጫና የሚያስከትል ደንብ ሲረቀቅ የተፅዕኖ ጥናት እንዲዘጋጅ፣ ማስታወቂያም እንዲወጣና ለአስተያየት ቢያንስ 14 ቀን እንዲሰጥ ይጠይቃል። 14 ቀን አጭር ነው። ረቂቁ ለሚመለከተው አርብቶ አደር እስኪደርስ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያውን የሚከታተል አንድ ሰው መድቡ። ጎበዝ ተማሪ ወይም ጡረታ የወጣ መምህር ቢሆን ጥሩ ነው።

ማስታወቂያውን ብቻ አይታችሁ አትቅሩ። ማስታወቂያው ርዕስና ቀን ነው። የምትፈልጉት ሙሉውን ረቂቅ፣ የተፅዕኖ ጥናቱንና የማብራሪያ ጽሑፉን ነው። ካልተሰጣችሁ በ2016ቱ የመረጃ ነፃነት አዋጅ መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ። ተቋሙ በ21 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከከለከለ ጉዳዩ ወደ እንባ ጠባቂው፣ ማለትም ወደ አስተዳደራዊ ፍትሕ ኮሚሽን ይሄዳል። 21 ቀኑ ከ14 ቀኑ እንደሚረዝም ልብ በሉ። ስለዚህ ጥያቄውን በመጀመሪያው ቀን አስገቡ፤ በዚያው ደብዳቤም «ሰነዱ እስኪደርሰን የአስተያየት ጊዜው ይራዘምልን» በሉ። ባይራዘም እንኳ ደብዳቤው በኋላ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ረቂቁ በእንግሊዝኛ ብቻ ከመጣ የስዋሂሊ ቅጂ ጠይቁ። ስዋሂሊም ከሁለቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ ልመና አይደለም።

3. ረቂቁንና ሕጉን ጎን ለጎን አንብቡ

ሁለት ወይም ሦስት ሰው ቁጭ ይበል። በአንድ እጅ አንቀጽ 15፣ በሌላው ረቂቁ። የኬንያ ሕጎች ኬንያ ሎው በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ማሻሻያ ሊኖር ስለሚችል የመጨረሻውን ቅጂ አውርዱ። ከዚያ በእያንዳንዱ የረቂቁ አንቀጽ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ሕጉ ከሚለው ይጠባል ወይ?»

ይህን በቅርብ ላሳያችሁ። ረቂቁ ውስጥ እንዲህ የሚል ንዑስ አንቀጽ አገኛችሁ እንበል፦

«አቤቱታ አቅራቢው የመሬቱን ባለቤትነት የሚያረጋግጥ ሰነድ አያይዞ ማቅረብ አለበት።»

ስታዩት ምንም ክፋት የለውም። ማንም ቢሮ ሰነድ ይጠይቃል። አሁን ሕጉን ክፈቱ። አንቀጽ 15 አቤቱታ አቅራቢው የመሬቱ ባለቤት «ወይም በመሬቱ ላይ የሚኖር» ሊሆን ይችላል ይላል። ስለዚህ በሕጉ ካርታ የሌለው ነዋሪም ይገባል። ረቂቁ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስወጣው። እንግሊዞቹ መሬቱን ሲወስዱ ለአብዛኛው ሰው የሰጡት ወረቀት አልነበረም። ወረቀት የያዘው ወሳጁ ነበር። ይህን ንዑስ አንቀጽ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት በደሉ በደንብ ቁጥር ተመዝግቦ ይቀጥላል።

እንዲህ ያለ ክፍተት ስታገኙ በጣም ጠንካራ መከራከሪያ አግኝታችኋል። «አሳዝኖናል» ከማለት አልፋችሁ «ደንቡ ከሕጉ ውጪ ሄዷል» ማለት ትችላላችሁ። አርቃቂው የሚፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ደንቡን በፍርድ ቤት ሊያስጥልበት ይችላልና።

4. የራሳችሁን ታሪክ እንደ መፈተኛ ተጠቀሙበት

አሁን ታሪኩ ይመጣል። እያንዳንዱን አንቀጽ «ይህ ደንብ ያኔ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ዛሬ በኛ ጉዳይ ላይ ሲሠራ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ፈትኑት። ኬንያ ውስጥ የታወቁ ጉዳዮችን ወስደን እንሞክረው።

ጥሪን በሚመለከተው አንቀጽ እንጀምር። በ1908 በባሕር ዳርቻው አካባቢ የወጣው የመሬት ይዞታ ድንጋጌ መብት አለኝ የሚል ሁሉ ቀርቦ እንዲያመለክት አዘዘ። ማመልከቻ ያልቀረበበት መሬት የእንግሊዝ ዘውድ ሆነ። ጥሪውን ያልሰሙና በጋራ የሚይዙ የሚጂኬንዳ ማኅበረሰቦች ብዙ መሬት አጡ። ልጅ ልጆቻቸው ዛሬም «ሕገ ወጥ ሰፋሪ» እየተባሉ በአያቶቻቸው ቦታ የሚኖሩ አሉ። እንግዲህ የዛሬው ረቂቅ «የምርመራ ጥሪ በጋዜጣ ይወጣል» ብሎ ከቆመ የ1908ቱን ስህተት እየደገመ ነው። በአካባቢው ቋንቋ በሬዲዮ ይነገር፣ በገበያና በአምልኮ ቦታ ይለጠፍ፣ በባራዛ ይነበብ የሚል ቃል እንዲገባ ጠይቁ። ባራዛ የአካባቢው ሹም ሕዝቡን የሚሰበስብበት መድረክ ነው፤ ሬዲዮ የማይደርስበት ቦታ እንኳ ይደርሳል።

ውክልናን በሚመለከተው አንቀጽ የታላይን ጎሳ አስቡ። በ1934 የቅኝ ገዢው መንግሥት ለነሱ ብቻ ድንጋጌ አውጥቶ ከኬሪቾ ጠራርጎ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ግዋሲ አጋዛቸው። ቀድሞ የነበሩበት አካባቢ የሻይ እርሻ አገር ነው። ረቂቁ «የማኅበረሰቡ ተወካይ መሬቱ ባለበት ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) የሚኖር መሆን አለበት» ቢል፣ ተፈናቅሎ ሌላ ቦታ የሚኖረውን ሰው ስለተፈናቀለ ይቀጣዋል። «ነዋሪ» የሚለው ቃል «የተፈናቀሉትንና ተወላጆቻቸውን ጨምሮ» በሚል መሞላት አለበት።

ፍርድ ቤትን በሚመለከተው አንቀጽ ማሳይን ውሰዱ። በ1904 በተደረገ ውል ከስምጥ ሸለቆ ተነስተው ላይኪፒያና ደቡብ ላይ ተከለሉ። በ1911 ደግሞ ከላይኪፒያም ወደ ደቡብ ተነዱ። ከዚያም ከሰሱ፤ በ1913 ውሳኔ ተሰጠ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ በሁለት ሉዓላዊ ወገኖች መካከል የተደረገ ውል ስለሆነ እኔን አይመለከተኝም አለ፤ ክሱ ወደቀ። በነፃነት ትግሉ ዘመንም ሰዎች በእስር ካምፕ ሳሉ መሬታቸው በሌላ ስም ተመዘገበ፤ ከዚያ የመሬት ክርክር በሕግ ታገደ። አንቀጽ 15 «በመደበኛው ፍርድ ቤት ሊታይ የማይችል» ጉዳይ ይቀበላል ያለው ይህን ሁሉ አይቶ ነው። ረቂቁ «ቀደም ሲል በፍርድ ቤት የታየ ጉዳይ አይስተናገድም» ብሎ ቢዘጋ የ1913ቱን ሰው እንደገና መለሰው ማለት ነው። «በይዘቱ ታይቶ የተወሰነ» የሚል ቃል ይጨመርበት።

እናንተም የራሳችሁን ታሪክ እንዲህ አድርጉ። ሁሉንም አንቀጽ መንካት አያስፈልግም። እናንተን የሚያቆስሉት ሦስት ወይም አራት አንቀጾች ይበቃሉ። እንደኔ እንደኔ 30 አንቀጽ ከነካካ ሰነድ ይልቅ ሦስት አንቀጽ በደንብ የያዘ ሰነድ ይነበባል።

5. ሕዝቡን ሰብስቡ፤ ዝም ያሉትንም

ረቂቁን ያነበቡት ሦስት ሰዎች ማኅበረሰቡ አይደሉም። ስብሰባ ጥሩ። በአካባቢው ቋንቋ በአጭሩ አስረዱ። ሽማግሌዎች ስለ ድንበርና ስለ መቃብር ያውቃሉ፤ ወጣቶች ስልክና ኮምፒዩተር ያውቃሉ፤ ሁለቱን አገናኙ።

ሴቶችን ግን ለብቻቸው ሰብስቡ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። መሬት በወንድ የዘር ሐረግ በሚተላለፍበት ቦታ ሴት በድብልቅ ስብሰባ ላይ «እኔስ?» ብላ ለመናገር ይከብዳታል። ደንቡ «የቤተሰብ ኃላፊ ያመልክት» ካለ ካሳው ወደ አንድ ወንድም ኪስ ገብቶ መበለቷና ሴት ልጆቿ ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 60 በመሬት ጉዳይ በልማድ የሚደረግ የፆታ አድልዎ እንዲወገድ ያዛል። ሴቶቹ የሚሉትን እነሱ ባሉት ቃል ጻፉት፤ ሽማግሌ አይተርጉምላቸው።

ቦታውን ዛሬ የያዙትንም አትርሱ። ሁሉም ትልቅ ኩባንያ አይደለም። በብድር ሁለት ሄክታር የገዛ ገበሬ አለ። ሕጉ ራሱ በቅን ልቦና ለገዛ ሰው ዋጋው ተገምቶ እንዲመለስለት ከመፍትሔዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። መሬቱን መመለስ፣ ካሳ፣ በምትክ ቦታ ማስፈር፣ ትምህርት ቤትና ውሃ ማስገባትም በዝርዝሩ አሉ። እነዚህን ሰዎች አብራችሁ ብታማክሯቸው ነገ ተቃዋሚያችሁ ከሚሆኑ ዛሬ «ግምቱ እንዴት ይሠራ፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ» የሚለውን አብረው ይጠይቃሉ።

ከስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያዙ። ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ ሰዎች፣ የተስማሙበት ነጥብ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ያልተስማሙበትንም ጻፉ። ልዩነት የተጻፈበት ቃለ ጉባኤ የበለጠ ይታመናል።

6. ማስረጃ፦ ደንቡ ምን እንዲቀበል እንደምትፈልጉ አሳዩ

ደንቡ የቃል ምስክርነት እንዲቀበል እየጠየቃችሁ ከሆነ የቃል ምስክርነት ምን እንደሚመስል አያይዙ። ናይሮቢ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የቅኝ ግዛት ዘመን የአስተዳደር ደብዳቤዎችና የወረዳ ሪፖርቶች አሉ። የድሮ የቀያሾች ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ሠራተኛው አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል ይገደድበት የነበረው ኪፓንዴ የሚባለው መታወቂያ፣ የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ፣ የመቃብርና የጥንት ዛፍ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም ይናገራሉ። ሽማግሌ ሲናገር በስልክ ቅረጹ። ማን፣ መቼ፣ የት እንደተቀረጸ አስታውቁ። ፈቃዱንም ጠይቁ።

የመንግሥት የራሱ ሰነድም አለላችሁ። በ2004 የቀረበው የንዱንጉ ኮሚሽን ሪፖርት የሕዝብ መሬት እንዴት በሕገ ወጥ መንገድ እንደታደለ አሳይቷል። የእውነት፣ የፍትሕና የዕርቅ ኮሚሽኑ ደግሞ በ2013 ባወጣው ሪፖርት የመሬት በደልን በሰፊው አንስቷል። ከነዚህ የናንተን አካባቢ የሚመለከተውን ገጽ ፈልጋችሁ ጥቀሱ። መንግሥት ራሱ ያስጠናውን አላውቅም ማለት ይከብደዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዋና ሰነድ በፍጹም አትስጡ፤ ቅጂ ብቻ ስጡ። የምታስገቡት ጽሑፍ ለሕዝብ ሊገለጥ ስለሚችል የምስክሮችን ስልክና መታወቂያ ቁጥር እዚያ ላይ አታስፍሩ። የመሬት ጉዳይ ሰው ያስገድላል።

7. የጽሑፍ አስተያየቱን ጻፉ

ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። እናንተ ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ሰው እንደምትወክሉ፣ የት እንደተሰበሰባችሁ በአንድ አጭር አንቀጽ ግለጹ። ከዚያ በእያንዳንዱ ነጥብ አራት ነገር ብቻ አስፍሩ፦ የረቂቁ አንቀጽ ቁጥር፣ ችግሩ፣ የምትፈልጉት ቃል፣ ምክንያቱ። ቅድም ያየነውን ይዘን እንጻፈው።

*ንዑስ አንቀጹ፦* አቤቱታ አቅራቢው የባለቤትነት ሰነድ እንዲያያይዝ የሚያዘው።

*ችግሩ፦* ዋናው ሕግ ባለቤትንም ነዋሪንም ይቀበላል። ይህ ንዑስ አንቀጽ ነዋሪን ያስወጣል።

*እንዲተካ የምንጠይቀው፦* «አቤቱታ አቅራቢው የመሬቱ ባለቤት ወይም ነዋሪ እንደነበረ በሰነድ፣ በቃል ምስክርነት፣ በመቃብር ወይም በሰፈር ምልክት፣ በቤተ መዛግብት ካርታ ወይም ኮሚሽኑ በሚቀበለው ሌላ ማስረጃ ማሳየት ይችላል።»

*ምክንያቱ፦* ቤተሰቦቻችን ሲነሱ የተሰጣቸው ወረቀት አልነበረም። ከዚህ ጋር የአምስት ሽማግሌዎችን ቃልና የመቃብር ሥፍራውን ፎቶግራፍ አያይዘናል።

በቃ፣ ይህን ያህል ነው። አርቃቂው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ቀድቶ መለጠፍ ይችላል። «ደንቡ ፍትሐዊ ይሁን» የሚለውን ግን የት ይለጥፈዋል? መጨረሻ ላይ ጥሩ ናቸው የምትሏቸውን አንቀጾች «ይህ እንዳለ ይቆይ» በሉ። ሌላ ወገን እንዲሰረዙ እየጠየቀ ሊሆን ይችላልና ዝምታችሁ ያስጠቃቸዋል።

ስታስገቡ በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ላይ ማኅተምና ቀን አስመትታችሁ ያዙ። በኢሜይልም ላኩ፤ መድረሱን የሚገልጽ መልስ ጠይቁ። የካውንቲ ቢሮው ማኅተም አልመታም ካለ የተቀበለውን ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት በቅጂው ላይ ጻፉ፤ አብሯችሁ የሄደው ሰው ይፈርምበት።

8. በመድረኩ ላይ

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው። ማን እንደሚናገር ቀድማችሁ ተከፋፈሉ። አንዷ ስለ ማስረጃ፣ አንዱ ስለ ጥሪ፣ አንዱ ስለ ውክልና። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ከተናገረ አንድ ሰው እንደተናገረ ይመዘገባል። አንቀጹን በቁጥር ጥሩ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር በሰው ላይ የሚያደርሰውን አሳዩ፣ የምትፈልጉትን ቃል አንብቡ፣ ጽሑፉን ለጸሐፊው ስጡ።

መዝገብ ላይ ሳትፈርሙ አትውጡ። የምትፈርሙበት ወረቀት ግን ምን እንደሆነ አንብቡ። «ተገኝቻለሁ» እና «ተስማምቻለሁ» አንድ አይደሉም። የውሎ አበል መክፈያ ብለው የሚያስፈርሙት ወረቀት ራስጌው ላይ ምን ተጽፏል? ባዶ ራስጌ ካለው አትፈርሙ። ለራሳችሁም ማስታወሻ ያዙ፦ አዳራሹ የት ነበር፣ ስንት ሰዓት ተጀመረ፣ አስተርጓሚ ነበር ወይ፣ ረቂቁ ታድሏል ወይ፣ ስንት ሰው ሳይናገር ተበተነ። ይህ ነገ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ነው።

9. ሁለተኛው በር፦ ፓርላማ

ብዙ ሰው ደንቡ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አለቀ ብሎ ይተወዋል። አላለቀም። በ2013ቱ አዋጅ መሠረት ደንቡ ከታተመ በኋላ ፓርላማው በሚቀመጥባቸው 7 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። ካልቀረበ ዋጋ ያጣል። ሲቀርብ የማብራሪያ ጽሑፍ ይያያዛል፤ እዚያ ላይ ከማን ጋር ምክክር እንደተደረገ መጻፍ አለበት። የበታች ሕጎችን የሚያየው ኮሚቴ መርምሮ ደንቡ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል እንዲሻር ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል።

ስለዚህ በዚያው ሳምንት ለኮሚቴው ጸሐፊ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ማኅተም የተመታበትን አስተያየታችሁን፣ ቃለ ጉባኤውንና የመድረኩን ማስታወሻ አያይዙ። የማብራሪያ ጽሑፉ «ከማኅበረሰቡ ጋር ተመክሯል» ብሎ የናንተ አካባቢ ስም ተጠቅሶ ከሆነና ማንም ካልመጣ፣ ይህን በግልጽ በሉ። የወረዳችሁን የፓርላማ አባልም አነጋግሩ።

10. ካልሰሟችሁ

ተሳትፎ ማለት ያላችሁት ሁሉ ይፈጸማል ማለት አይደለም። የኬንያ ፍርድ ቤቶች ይህን ደጋግመው ተናግረዋል። ነገር ግን ለይስሙላ የተደረገ ምክክር ሕግ እንደሚያስጥልም አሳይተዋል። በ2014 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የኪያምቡ ካውንቲን የፋይናንስ ሕግ ሕዝቡ በቂ ተሳትፎ አላደረገበትም ብሎ ሽሮታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2019 ከትምባሆ ደንብ ጋር በተያያዘ ክርክር ላይ መለኪያዎችን አስቀምጧል። ርዕሰ ጉዳዩ ለሕዝቡ ግልጽ ነበር ወይ? መድረኩ ቀላልና የሚደረስበት ነበር ወይ? ሚዛናዊ ዕድል ተሰጥቷል ወይ? የእውነት ለመስማት ነበር ወይ? ክስ ስታስቡ እነዚህን ጥያቄዎች በያዛችሁት ማስታወሻ አንድ በአንድ መልሱ። ከዚያ የመሬት ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ወይም የነፃ ሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ጋ ሂዱ።

ከአገር ውጪም መንገድ አለ፤ ግን ረጅም ነው። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት አሩሻ ላይ በ2017 ለማው ደን ነዋሪዎቹ ኦጊየኮች ፈርዶላቸዋል፤ የካሳውን ውሳኔ የሰጠው በ2022 ነው። ከቦጎሪያ ሐይቅ የተነሱት ኢንዶሮይሶችም በ2010 በአፍሪካ ኮሚሽን ረትተዋል። ሁለቱም ከረቱ በኋላ ዓመታት ለአፈጻጸም ታግለዋል። ከዚህ አንጻር ገና በረቂቁ ላይ ሦስት አንቀጽ ማስለወጥ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አንድ የጊዜ ጉዳይ ልጨምር። የኬንያ ሕግ እንዲህ ያለ ደንብ 10 ዓመት ሲሞላው፣ ካልተራዘመ በስተቀር፣ በራሱ እንዲሻር ያደርጋል። በዚህ ስሌት የ2017ቱ የምርመራ ደንብ ዕድሜው በ2027 ያበቃል። ሥራው እንዲቀጥል ከተፈለገ ማራዘሚያ ወይም አዲስ ረቂቅ መምጣቱ አይቀርም። ከደረጃ 4 እስከ 6 ያለውን፣ ማለትም የአንቀጽ ፈተናውን፣ የሴቶቹንና የጋራውን ስብሰባ፣ የሽማግሌዎቹን ቃል መቅዳት፣ ለመጀመር ማስታወቂያ መጠበቅ አያስፈልግም። የ2017ቱን ደንብ አውርዳችሁ በሱ ላይ ጀምሩት። በአካባቢያችሁ ታሪኩን የሚያውቁ እጅግ ያረጁ ሰዎች ካሉ የነሱን ቃል ከሁሉ በፊት ቅዱ።